የሰውን ስኳር እየለካች የምታድር ነርስ

እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ ይዘው ተነሡ። ሴቶች የሚወስዱት የወሊድ መከላከያ እንክብል ከዓመታት በኋላ በጤናቸው ላይ ምን ያስከትላል? መልሱን ለማግኘት ብዙ ሺህ ሴቶችን ለረጅም ዘመን መከታተል ያስፈልግ ነበር። የመረጡት ነርሶችን ነው። ነርስ ስለ ሕመምና ስለ መድኃኒት ስትጠየቅ ጥያቄው ይገባታል፣ መልሷም የሚታመን ነው ብለው አሰቡ። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 55 የሆነ ከ121,000 የሚበልጡ ነርሶች መጠይቁን ሞልተው በፖስታ ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ከ116,000 በላይ ወጣት ነርሶች በሁለተኛ ዙር ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ስለ ጤናቸውና ስለ አኗኗራቸው ሲጠየቁ ኖረዋል።

የእንክብሉ ጉዳይ መነሻ ብቻ ሆኖ ቀረ። ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ማንን እንደሚይዝና እንዴት እያደባ እንደሚመጣ ዛሬ ከምናውቀው ውስጥ ጥቂት የማይባለው የተቀዳው ከእነዚህ ሴቶች መጠይቅ ነው። ነገሩ ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ትንሽም ያሳዝነኛል። የሰው ጣት እየበሱ ስኳር የሚለኩ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ፣ «ጣፋጭ ይቀንሱ፣ እንቅስቃሴ ያድርጉ» እያሉ የሚመክሩ ሰዎች በሽታው እንዴት እንደሚመጣ ለዓለም ያስተማሩት በራሳቸው አካል ነው። ከመካከላቸው የታመሙት ባለማወቅ አልታመሙም። ስለዚህ ነርሶችን ለስኳር በሽታ የሚያጋልጠውን ስንፈልግ «ምን አላወቁም?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም። «መቼ ይበላሉ? መቼ ይተኛሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ነርስነት ራሱ የስኳር በሽታ አያመጣም። ነርሶችን ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጽሮ «ይበልጣሉ» ወይም «ያንሳሉ» ማለትም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ሥራ ላይ ያለ ሰው በአማካይ ሥራ መሥራት ካቃተው ሰው ይልቅ ጤነኛ ስለሆነ ሚዛኑ ከመነሻው ያጋደለ ነው። ቁም ነገር የሚገኘው ነርስን ከነርስ ጋር ስናስተያይ ነው፤ ለሃያ ዓመት አዳር የገባችውን አዳር ገብታ ከማታውቀው ጋር። ሙያቸው አንድ ነው፣ ትምህርታቸውም ይቀራረባል። በዋናነት የሚለያዩት በሰዓት ነው።

ጆሮ የለመደው ደወል

ከምግብ የምናገኘው ስኳርና ስታርች ወደ ግሉኮስነት ተለውጦ ደም ውስጥ ሲገባ፣ ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመው ቆሽት ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ኢንሱሊን መልእክተኛ ነው። ጡንቻንና የስብ ሕዋሳትን «ስኳር መጥቷል፣ ተቀበሉ» ይላቸዋል። ጉበትን ደግሞ «የምታመርተውን ስኳር ለጊዜው አቁም» ይለዋል። መልእክቱ ከተሰማ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የደም ስኳር ወደ ቦታው ይመለሳል።

መልእክቱ የማይሰማበትን ሁኔታ ለነርስ ማስረዳት ቀላል ነው። በሕሙማን ክፍል ውስጥ የልብ ምትና የአየር መጠን የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎች ደወል አላቸው። አልፎ አልፎ የሚጮኽ ደወል ሁሉንም ያስሮጣል። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚጮኽ ደወል ግን ጆሮ ይለምደዋል፤ ሰው እንዲነሣለት ድምፁ መጨመር አለበት። በዓይነት 2 የስኳር በሽታ መንገድ ላይ ባለ ሰው ውስጥም የሚሆነው ይህን ይመስላል። ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እያመረተ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ለዓመታትም ይሳካለታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የደም ስኳሩ ልክ ስለሆነ ባለቤቱ አንዳች አይታወቀውም። ቆሽቱ ሲደክም ግን ስኳሩ ከፍ ማለት ይጀምራል። በሽታው «ድንገት መጣ» የሚባለው ያን ጊዜ ነው እንጂ ታሪኩ የቆየ ነው።

ዓይነት 1 የሚባለው የስኳር በሽታ ከዚህ ይለያል። እዚያ የሰውነት የመከላከል ኃይል ራሱ ኢንሱሊን አምራች ሕዋሳትን ያጠፋቸዋል፤ የሥራ ፈረቃም አያመጣውም። በዓለም ካሉት የስኳር ሕሙማን ከ90 በመቶ የሚበልጡት ግን ዓይነት 2 ያለባቸው ናቸው። ይህ ጽሑፍም የሚያወራው ስለ እርሱ ነው።

ጉበትንና ጡንቻን የሚያደነቁራቸው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠቀሰው ቦታውን የሳተ ስብ ነው፤ በተለይ በሆድ ውስጥ፣ በጉበትና በጡንቻ የሚከማቸው። ይህን ሁሉም ሰው ሰምቶታል። ሁለተኛው ግን ብዙ አይነገርለትም። እርሱም ሰዓት ነው።

ሌሊት የተበላ ምግብ

አንጎላችን ውስጥ፣ ከዓይን የሚመጡት ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ የሕዋሳት ስብስብ አለ። ብርሃን ሲያይ ቀን መሆኑን ያውቃል፤ ጨለማ ሲሆን ሌሊቱን ያውጃል። ሰዓቱ እርሱ ብቻ አይደለም። ጉበትም፣ ጡንቻም፣ ቆሽትም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ የአንጎሉ ሰዓት እነርሱን ያስተባብራል። እነዚህ ሰዓቶች በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ በዝንቦች ላይ ባደረጉት ምርምር የደረሱበት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

ሌሊት ሲሆን ሰውነት የሚጠብቀው እንቅልፍና ጾም ነው። ሜላቶኒን የተባለው የጨለማ ሆርሞን ከፍ ይላል። ኢንሱሊን የሚያመርቱት የቆሽት ሕዋሳት ሜላቶኒንን የሚቀበሉበት በር አላቸው፤ እርሱ ሲበዛ የኢንሱሊን ምርታቸው ይቀዛቀዛል። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት ምግብ በአንድ ዓይነት መጠን ጠዋት ሲበላና ሌሊት ሲበላ ደም ውስጥ የሚተወው ስኳር አንድ አይደለም። የሌሊቱ ከፍ ይላል፣ ለመውረድም ይዘገያል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መድኃኒት አድላ የጨረሰች ነርስ ቆማ የምትጎርሰው ምግብ የሚደርሰው በሩን ዘግቶ ለተኛ ቆሽት ነው።

ይህን በሰው ላይ የፈተነ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። 10 ሰዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ የ28 ሰዓት «ቀን» እንዲኖሩ ተደረጉ፤ በዚህም እንቅልፋቸውና ምግባቸው ከሰውነታቸው ሰዓት ጋር እየተጣላ ሄዶ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ። በተገለበጠበት ጊዜ የደም ስኳራቸው በ6 በመቶ ጨመረ። ስድስት ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ኢንሱሊናቸውም በ22 በመቶ ጨምሮ ነበር፤ ደወሉ ይበልጥ እየጮኸ ስኳሩ አልወረደም ማለት ነው። የጥጋብ ስሜት የሚሰጠው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ደግሞ በ17 በመቶ ቀነሰ። ከምግብ በኋላ ያለው ስኳራቸው ከታየላቸው 8 ጤነኛ ሰዎች መካከል የ3ቱ ውጤት ቅድመ ስኳር (ስኳሩ ከልክ ያለፈ፣ በሽታ ለመባል ግን ያልደረሰ) ያለበትን ሰው መሰለ። ይህ የሆነው በቀናት ውስጥ ነው።

በዚህ ላይ እንቅልፍ ይጨመራል። አዳር የወጣ ሰው ቀን ሲተኛ ሰውነቱ «ንቃ» ይለዋል፣ ብርሃኑና ጫጫታውም ያግዙታል። እንቅልፉ አጭርና የተቆራረጠ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሙከራ 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለ6 ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደርጎ፣ ሰውነታቸው ግሉኮስን ከደም የሚያወጣበት ፍጥነት እንቅልፋቸውን ጠግበው ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ገደማ አዝግሟል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ሌላ ሙከራ 21 ሰዎች ለሦስት ሳምንት በቀን 5 ሰዓት ተኩል ያህል እየተኙና ሰዓታቸው እየተዛባ ቆዩ። ከምግብ በኋላ ያለው ስኳራቸው ከፍ አለ፤ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያቃጥለው ኃይልም በ8 በመቶ ቀነሰ። የምግባቸው መጠን ሳይጨምር ክብደት ሊጨምሩ የሚችሉበት ሁኔታ ተፈጠረ ማለት ነው። «አዳር ከጀመርኩ ወዲህ ውኃም ያወፍረኛል» የሚሉ ነርሶች ሰምቼ በልቤ የሳቅሁበት ጊዜ አለ። አሁን አልስቅም።

1.58 ሲባል

ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚታየው የቀናት ጉዳይ ነው። ለዓመታት ሲጠራቀም ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ወደ መጠይቆቹ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከሁለቱም ዙር 177,000 ያህል ነርሶችን ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ተከታትሏል። የተጠየቁት በወር ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ከቀንና ከምሽት ፈረቃ ጋር እየተለዋወጠ፣ ለስንት ዓመት እንደሠሩ ነው። እንዲህ ሠርተው ከማያውቁት ጋር ሲነጻጸሩ፣ 1 ወይም 2 ዓመት በሠሩት ላይ የዓይነት 2 ስኳር አደጋ በ5 በመቶ ብቻ ከፍ ብሎ ታየ። ከ3 እስከ 9 ዓመት በሠሩት ላይ 20 በመቶ፣ ከ10 እስከ 19 በሠሩት ላይ 40 በመቶ፣ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ በሠሩት ላይ 58 በመቶ፣ ማለትም 1.58 እጥፍ ነበር። የሚያሳምነኝ የመጨረሻው ቁጥር ብቻውን አይደለም፤ ዓመት በጨመረ ቁጥር አደጋውም ደረጃ በደረጃ መውጣቱ ነው።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው «ከ100 አዳር ሠራተኞች 58ቱ ይታመማሉ» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። እንደዚያ ማለት አይደለም። የ58 በመቶው ጭማሪ የሚታሰበው አዳር ከማይገቡት አደጋ ላይ ተነሥቶ ነው። ለማስረዳት ያህል ብቻ እንዲህ እናስብ፦ አዳር ከማይገቡ 100 ነርሶች በአንድ ዘመን ውስጥ 10ሩ ስኳር ቢይዛቸው፣ ሃያ ዓመት አዳር ከገቡት 100 ውስጥ የሚይዛቸው 16 ገደማ ይሆናሉ። ልዩነቱ 6 ሰው ነው። ሰማንያ አራቱ አይያዙም። ለአንዲት ነርስ ይህ ፍርድ አይደለም። በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ነርሶች ግን ስድስት ከመቶ ብዙ ሕዝብ ነው።

በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ሌላ ቁጥር አለ። ተመራማሪዎቹ የሴቶቹን ክብደት በስሌቱ ውስጥ ሲያስገቡ 58ቱ ወደ 24 ወረደ። አንዳንዱ ይህን ይዞ «ታዲያ ችግሩ ውፍረት ነዋ፣ አዳሩን ለምን ትከሳላችሁ?» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ክብደቱን ያመጣው አዳሩ ከሆነ፣ ክብደት የአዳሩ መንገድ ነው እንጂ ከአዳሩ ነፃ የሆነ ሌላ ጥፋተኛ አይደለም። ዝናብ ያመጣውን ጎርፍ ቀንሰን «ዝናቡ ያደረሰው ጉዳት ጥቂት ነው» አንልም። ክብደቱ ከተቀነሰ በኋላም ቢሆን 24 በመቶው ቀርቷል።

እውነት ነው፣ መጠይቅ ብቻውን ምክንያትንና ውጤትን አያረጋግጥም። ጥናቱም ያተኮረው በአብዛኛው ነጭ አሜሪካውያን በሆኑ ሴቶች ላይ ነው። ይሁንና በዴንማርክ ነርሶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናትም ወደዚያው አቅጣጫ ጠቁሟል፤ የቤተ ሙከራዎቹም ውጤት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ 143,410 ነርሶችን የያዘ ጥናት ሌላ ነገር ጨመረ። አዳር በገቡበት በእያንዳንዱ አምስት ዓመት አደጋው በ31 በመቶ ሲጨምር ታየ። ሲጋራ ማጨስ፣ ደካማ አመጋገብ፣ አለመንቀሳቀስና ከመጠን ያለፈ ክብደት ከአዳር ጋር ሲገናኙ ደግሞ የሚያደርሱት ጉዳት የየብቻቸው ድምር አልሆነም፤ ከድምሩ በለጠ። ቀን በምትሠራ ነርስ ላይ መጠነኛ ጉዳት የሚያደርስ ልማድ አዳር በምትገባዋ ላይ ይከብዳል ማለት ነው። አንድ ዓይነት ምክር ለሁሉም የሥራ ሰዓት መስጠት ልክ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

«ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው»

ነርሶችን ስለ እንቅስቃሴ የጠየቀ ሰው ይህን መልስ ሳይሰማ አይቀርም። እግራቸው እያበጠ ወደ ቤት የሚገቡ ሰዎች «እንቅስቃሴ አድርጉ» ሲባሉ ቢናደዱ አይፈረድባቸውም። ግን የዋርድ ውስጥ እርምጃ አጭርና የሚቆራረጥ ነው፤ ሦስት እርምጃ፣ መቆም፣ መጎንበስ፣ እንደገና አምስት እርምጃ። ድካሙ እውነተኛ ነው፤ ልብን ለተከታታይ ደቂቃዎች በፍጥነት የሚያስመታው ግን ጥቂቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የእነዚሁ ነርሶች ጥናት ልዩነቱን በቁጥር ያስቀምጣል። በቀን ለሁለት ሰዓት ቴሌቪዥን ማየት የስኳር በሽታን አደጋ በ14 በመቶ ከመጨመር ጋር ተያያዘ። በቤት ውስጥ ለሁለት ሰዓት መቆምና ወዲያ ወዲህ ማለት በ12 በመቶ ከመቀነስ ጋር። በቀን አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ግን በ34 በመቶ ከመቀነስ ጋር። ስለዚህ መቆምና ወዲያ ወዲህ ማለት ከንቱ አይደለም፤ ፈጣን እርምጃን ግን አይተካም። ችግሩ ቆሞ የዋለ እግር ማታ የሚመኘው መተኛትን መሆኑ ነው። ሥራው የሚወስደው ጉልበት ጠቃሚው እንቅስቃሴ ሊያገኘው የሚገባውን ጉልበት ነው።

ስለ ምግብም ተመሳሳይ ነገር አለ። ነርስ የምትበላው ሲርባት ሳይሆን የሕሙማን ጥሪ ሲያርፍ ነው። ቶሎ የሚበላ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ የማይቀዘቅዝ ነገር ይመረጣል፤ እንዲህ ያለው ምግብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጭ ወይም የተጠበሰ ነው። በተለይ የሚጠጣ ስኳር ልዩ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ከ91,000 በላይ ነርሶችን የተከታተለ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት፣ በቀን አንድና ከዚያ በላይ ስኳር ያለው ለስላሳ የሚጠጡት፣ በወር አንድ እንኳ ከማይጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ አደጋቸው በ83 በመቶ እንደሚበልጥ አሳየ። በነገራችን ላይ ቡና በዚህ ክስ ውስጥ የለበትም። በእነዚሁ ነርሶች ላይ ቡና መጠጣት ከአነስተኛ የስኳር በሽታ አደጋ ጋር ነው የተያያዘው። ጥፋቱ ከተጨመረበት ስኳር ነው፤ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ከጠጡት ደግሞ የቀኑን እንቅልፍ ይሰርቃል።

ክብደት የሚጨምረው በጩኸት አይደለም። በዓመት ግማሽ ኪሎ የጨመረች ነርስ ልብሷ እንኳ አይነግራትም፤ በ15 ዓመት ግን ሰባት ኪሎ ተኩል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመው ጥናት ከ18 ዓመታቸው ወዲህ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ያህል የጨመሩት ነርሶች፣ ክብደታቸው ካልተለወጠው ጋር ሲነጻጸሩ አደጋቸው 1.9 እጥፍ ነበር። ከ8 እስከ 11 ኪሎ ያህል በጨመሩት ላይ 2.7 እጥፍ ደረሰ። አብዛኛው ሰው «ወፍራም» የማይላቸው ሴቶች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ታዋቂ ጥናት 84,941 ነርሶችን ለ16 ዓመት ተከታትሎ 3,300 አዲስ ታማሚዎች አገኘ። ከእነዚህ 91 በመቶው ከክብደት፣ ከምግብ፣ ከእንቅስቃሴ፣ ከሲጋራና ከመጠጥ ልማድ ጋር የሚያያዝ ሆኖ ታየ። ቁጥሩ ተስፋ ሰጪ ነው፤ አብዛኛው በሽታ መከላከል ይቻል ነበር ማለት ነውና። ሰው ለመውቀስ ሲጠቀሙበት ግን ያናድደኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ክፍት የሆነ ምግብ ቤት በሌለበት፣ የዕረፍት ሰዓት በወረቀት ላይ ብቻ ባለበት ቦታ «ልማድ» የሚለው ቃል ምርጫ የነበረ ያስመስላል።

ስለ ጭንቀት ብዙ ይባላል፤ ማስረጃው ግን ከእንቅልፍና ከክብደት ያነሰ ነው። የሚጠየቀው ብዙ፣ የመወሰን ሥልጣኑ ጥቂት የሆነበት ሥራ የስኳር በሽታን አደጋ በ15 በመቶ ገደማ ከፍ ከማድረግ ጋር ተያይዟል። ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞን ጉበት ስኳር እንዲያወጣ ስለሚገፋፋ ይህ አያስደንቅም።

ማንም ያልመረጣቸው ምክንያቶችም አሉ፦ ዕድሜ፣ ወላጅ ወይም ወንድምና እህት ላይ ያለ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ሴቶች ላይ የእንቁላል ማኅደርን አሠራር የሚያዛባ የሆርሞን መዛባት። አንዱ ለዚህ ሙያ በተለይ ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ በዓለም 27.9 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉ፣ ከ10ሩ 9ኙም ሴቶች እንደሆኑ ገልጿል። በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት ሴት ከወለደች በኋላ ስኳሩ ቢጠፋም፣ በቀሪ ዕድሜዋ ዓይነት 2 የመያዝ አደጋዋ ካልታየባት ሴት ቢያንስ ሰባት እጥፍ ነው። ይህ ታሪክ ያላት ነርስ ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ አዳር ስትመደብ ታሪኩን የሚጠይቃት የለም።

ለራስ ያልተለካ ስኳር

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለ2024 ባወጣው ግምት 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ከስኳር በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ከ10ሩ ከ4 የሚበልጡት መያዛቸውን አያውቁም። መለኪያው እጇ ላይ ያለ ነርስ ከማያውቁት ውስጥ መሆን የለባትም ያሰኛል። ግን አስቡት። የበሽታው የመጀመሪያ ምልክቶች ድካም፣ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣትና የዓይን ብዥታ ናቸው። ነርስ ድካሙን «የአዳሩ ነው» ትላለች። ጥማቱን፣ ስድስት ሰዓት ውኃ ሳልጠጣ ቆይቼ ነው ትላለች። ሽንቱን ደግሞ ስትቋጥር ስላመሸች ቢደጋግማት አይገርማትም። እያንዳንዱ ምልክት በሥራው ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሌላ ማብራሪያ አለው። ሥራው በሽታውን ይደብቃል።

ሌላው ስሕተት የጣት ደም ለክቶ መረጋጋት ነው። የጣት መለኪያ ሕክምና የጀመረን ሰው ለመከታተል የተሠራ ነው፤ በሽታው አለ ወይም የለም ለማለት የሚያስፈልገው ከደም ሥር ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚታይ ደም ነው። ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበላ የተለካ ስኳር በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው። ከ100 እስከ 125 ያለውን ብዙ ሐኪሞች ቅድመ ስኳር ይሉታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ110 ነው የሚጀምረው። የሦስት ወር አማካዩን በሚያሳየው ምርመራ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ በሽታ ነው፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ቅድመ ስኳር። ምልክት በሌለበት ሰው ላይ አንድ ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ በሁለተኛ ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

እዚህ ላይ ለአዳር ሠራተኛ የተለየ ወጥመድ አለ። «በባዶ ሆድ ጠዋት ና» የሚለው ትእዛዝ የታሰበው ሌሊቱን ተኝቶ ለሚያድር ሰው ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብስኩት በልታ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም የሰጠች ነርስ በባዶ ሆድ አልተለካችም። ምንም ሳትበላ ብታድርም እንኳ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ስለሚቀንስ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። የሚሻለው ከዕረፍት ቀንና ከጥሩ እንቅልፍ በኋላ መለካት ነው። የሦስት ወሩ ምርመራ ጾም ስለማይጠይቅ ለፈረቃ ሠራተኛ ይመቻል፤ ደም ማነስ ወይም እርግዝና ካለ ግን ሊያሳስት ይችላል። ለሐኪሙም «አዳር እሠራለሁ» ማለት እንደ ዕድሜና እንደ ክብደት ሁሉ ሊነገር የሚገባው ታሪክ ነው።

ቅድመ ስኳር ቢገኝስ? እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ትልቅ ሙከራ 3,234 ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈዋል። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው እንዲራመዱ በታገዙት ላይ በሽታው መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ እንክብል ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት በወሰዱት ላይ በ31 በመቶ። «በታገዙት» የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ አማካሪ ተመድቦላቸው ነበር፣ በወረቀት ምክር ብቻ አልተሸኙም። 7 በመቶ ለ70 ኪሎ ሰው አምስት ኪሎ ገደማ ነው።

ሌሊት ስለ መብላት እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ሙከራ በጣም ያጓጓል። 19 ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ሳምንት የአዳር ሥራን የሚመስል ኑሮ እንዲኖሩ ተደረጉ። ሌሊትም የበሉት የደም ስኳራቸው በ6.4 በመቶ ጨመረ። ሌሊት ነቅተው እያደሩ ቀን ብቻ የበሉት ግን ስኳራቸው አልጨመረም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሰዎቹም ሕሙማን እያነሡ ያደሩ አልነበሩም። አሥራ ሁለት ሰዓት የምትሠራ ነርስ ምንም ሳትቀምስ ትደር የሚል ትእዛዝም አይወጣበትም። ዋናውን ምግብ ከአዳር በፊት መብላት፣ ሌሊት ካስፈለገ ቀለል ያለ፣ ጣፋጭ ያልሆነ ነገር መቅመስ ግን ከውጤቱ ጋር ይሄዳል። ኢንሱሊን ወይም ቆሽትን የሚያነሣሣ እንክብል የምትወስድ ነርስ ከሆነች ሐኪሟን ሳታማክር የምግብ ሰዓቷን መቀየር የለባትም፤ ሌሊት ብቻዋን ዋርድ ውስጥ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች፤ እንዲህ ሲሆን ለሕሙማኑም አደጋ ነው።

የቀረው በነርሷ እጅ ያለ ነገር አይደለም። በተከታታይ የሚገቡትን አዳሮች ማሳነስ፣ ከአዳር የወጣን ሰው በማግሥቱ ጠዋት አለመጥራት፣ ተራውን ከጠዋት ወደ ምሽት ከምሽት ወደ ሌሊት ወደፊት እንጂ ወደኋላ አለማዞር፣ የሌሊት ዕረፍትን የሚተካ ሰው መመደብ፤ እነዚህ ሁሉ የሚወሰኑት የተራ ሰሌዳ በሚያወጣው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ሰዓት መመሪያ በሁለት የሥራ ቀናት መካከል ቢያንስ 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ያዛል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው የሌሊት ሥራ ስምምነት ደግሞ፣ ሌሊት የሚሠራ ሰው ከጠየቀ ከመመደቡ በፊትና ከዚያም በየጊዜው ነፃ የጤና ምርመራ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያጸደቁት አገሮች ጥቂት ናቸው። ያላጸደቀ አገር ሆስፒታልም ግን በገዛ ፈቃዱ ይህን ከማድረግ የሚያግደው የለም፤ ላቦራቶሪው ያለው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።